ከእንጉዳይ የወጣው ስኳር፦ ከአይጥ እስከ ታማሚ ያለው ርቀት

በ1980ዎቹ ጃፓን ውስጥ ለካንሰር ሕሙማን በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ፣ በሞተ ግንድ ላይ ከሚበቅል እንጉዳይ የወጣ ቡናማ ዱቄት ነበር። እንጉዳዩ ትራሜተስ ቨርሲከለር፣ መድኃኒቱ ክሬስቲን ይባላል። የጃፓን መንግሥት በ1977 ፈቀደለት (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። አሥር ዓመት ሳይሞላው ከአገሪቱ የካንሰር መድኃኒት ወጪ ሩብ ያህሉ ወደዚህ ዱቄት ይሄድ እንደነበር በዘርፉ ጽሑፎች ተደጋግሞ ይነሳል። በ1989 የጤና ሚኒስቴሩ ነገሩን እንደገና መረመረና ክሬስቲን ብቻውን መታዘዙ ቀርቶ ከኬሞቴራፒ ጋር ብቻ እንዲሰጥ ወሰነ። በ2010ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከገበያ ወጣ። ያው እንጉዳይ ግን ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ በካፕሱል ታሽጎ፣ የመከላከል አቅምን ይደግፋል የሚል ወረቀት ተለጥፎበት፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል።

በዚህ ዘርፍ ሁለት ጥያቄዎች እየተምታቱ ይቀርባሉ። አንደኛው፣ ከእንጉዳይ የሚወጡት ፖሊሳካራይዶች የሰውነትን የመከላከያ ሕዋሳት ይቀሰቅሳሉ ወይ የሚለው ነው። መልሱ አዎን ነው፤ እንዴት እንደሚቀሰቅሱም በሚገባ ይታወቃል። ሁለተኛው፣ ያ መቀስቀስ የታመመ ሰው ዕድሜ ላይ የጨመረው ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ማስረጃው ይሳሳል። ያለውም ቢሆን ከአንድ አገር፣ ከአንድ ዘመንና ከጥቂት ምርቶች የተገኘ ነው። ስለ እንጉዳይ መድኃኒትነት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ለመጀመሪያው ጥያቄ የተገኘውን መልስ ለሁለተኛው ያውለዋል። አንባቢም ገዢም የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

የሞለኪዩሉ ቅርጽ

እንጉዳይ ሕዋሱን የሚያጥረው በካይቲንና በግሉካን ነው። ግሉካን ከግሉኮስ ብቻ የተሠራ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ በጥሬ ዕቃው ከድንች ስታርችና ከጥጥ ሴሉሎስ አይለይም። የሚለየው ግሉኮስ ከግሉኮስ ጋር በተያያዘበት ቦታና አቅጣጫ ነው። ስታርች "አልፋ" በሚባለው አያያዝ ስለተሠራ፣ ምራቃችንና ቆሽታችን የሚያመነጩት ኢንዛይም ይበጣጥሰዋል። የእንጉዳዩ ዋና ግሉካን "ቤታ" ነው፤ የአንዱ ግሉኮስ አንደኛ ካርቦን ከሚቀጥለው ግሉኮስ ሦስተኛ ካርቦን ጋር እየተሳሰረ ይሄዳል፣ በየመሃሉም በስድስተኛው ካርቦን ላይ አጫጭር ቅርንጫፎች ይወጡለታል። ይህን የሚቆርጥ ኢንዛይም የሰው አካል አይሠራም።

የቅርንጫፎቹ ብዛት ከእንጉዳይ እንጉዳይ ይለያያል። ከሺታኬ የሚወጣው ሌንቲናን በዋናው ሰንሰለት ላይ ካሉት 5 ግሉኮሶች በ2ቱ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ሺዞፊለም ኮምዩን ከሚባለው ትንሽ የግንድ እንጉዳይ የሚወጣው ሺዞፊላን ደግሞ ከ3ቱ በ1ዱ ላይ። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ሦስት ሦስት ሰንሰለት ሆነው እንደ ገመድ ይጠማዘዛሉ። ኃይለኛ አልካሊ ገመዱን ይፈታዋል፤ ሲፈታ ደግሞ በሕዋሳት ላይ የሚያሳየው ሥራ ይለወጣል። የተፈታው ይሻላል ወይስ የተጠማዘዘው በሚለው ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ተከራክረዋል። የሌንቲናን አንድ ሞለኪዩል ወደ 500,000 ዳልተን ይመዝናል፤ በረጅም ማፍላት ወይም በአሠራር ስህተት ተሰባብሮ አሥረኛው ቢቀር ስሙ ያው ሌንቲናን ነው፣ ሥራው ግን ያው ላይሆን ይችላል። በሙቅ ውሃ ተቀቅሎ፣ በአልኮል ዘቅጦ፣ ደርቆ የመጣ ዱቄትን "ከእንጉዳይ የወጣ ፖሊሳካራይድ" ብሎ ብቻ የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ፣ ምን እንደሞከረ ገና አልነገረንም ማለት ነው።

ገብስም ቤታ ግሉካን አለው። የእሱ ግን ቅርንጫፍ የሌለው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ካርቦን የተፈራረቁበት ሌላ ዓይነት ሰንሰለት ነው። በአንጀት ውስጥ ውሃ ይዞ ይወፍራል፣ የሐሞት አሲድን ይዞ ይወጣል፣ በዚያም ኮሌስትሮልን በመጠኑ ይቀንሳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን አባባል በ1997 ለአጃ ፈቅዶ በ2006 ወደ ገብስ ያሰፋው በዚሁ ምክንያት ነው። በሶ የሚበጠብጥ ሰው ከዚህ ጥቅም ድርሻ አለው። የገብሱን ማስረጃ ጠቅሶ የእንጉዳይ ካፕሱል የሚሸጥ ነጋዴ ግን አንዱን ሞለኪዩል በሌላው ስም እየሸጠ ነው። ለእንጉዳዩ ግሉካን በአያያዝ የሚቀርበው የእርሾው ነው፤ ቢራ ወይም ጠላ ሲጠራ ከታች የሚቀረው አተላ ውስጥ ያለው የእርሾ ግድግዳ ከእንጉዳዩ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ስለዚህም ብዙው የላቦራቶሪ ዕውቀት የመጣው ከእርሾ ነው።

ሳርኮማ 180

በ1957 ሚሺጋን ውስጥ ኢ. ኤች. ሉካስ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የአንድ የሚበላ እንጉዳይ ጭማቂ በአይጥ ላይ የተተከለ ዕጢን እንደሚገታ ጻፉ። ነገሩን ወደ ሳይንስ መድረክ መሃል ያመጡት ግን ቶክዮ ያሉት የብሔራዊ ካንሰር ማዕከል ተመራማሪዎች ናቸው። ቴትሱሮ ኢኬካዋ የሚበሉ እንጉዳዮችን አንድ በአንድ ቀቅለው ውሃቸውን ፈተሹ። ጎሮ ቺሃራ ደግሞ ከሺታኬ አንዱን ፖሊሳካራይድ አጥርተው ለይተው ሌንቲናን አሉት፤ ውጤቱም በ1969 "ኔቸር" መጽሔት ላይ ወጣ። በኪሎ ግራም ክብደት 1 ሚሊ ግራም ያህል ለ10 ቀን የተወጉ አይጦች ላይ ሳርኮማ 180 የተባለው ዕጢ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከሰመ።

የዚያ ግኝት ትልቁ ነገር ዕጢው መክሰሙ ብቻ አይመስለኝም። ሌንቲናን በመስታወት ዕቃ ውስጥ ያሉ የካንሰር ሕዋሳትን አይገድልም። በ1971 ማኤዳና ቺሃራ እንዳሳዩት ደግሞ ሲወለዱ ጀምሮ ታይመስ የተባለው ዕጢ የወጣላቸው፣ ማለትም ቲ ሕዋስ በወጉ ያልዳበረላቸው አይጦች ላይ ሥራው ይጠፋል። ስለዚህ የሚሠራው በአይጡ በራሱ መከላከያ በኩል ነው። ካንሰርን በመርዝ መምታት ብቻ በሚታሰብበት በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ሐሳብ ነበር፤ ዛሬ ኢሚዩኖቴራፒ የምንለውን ነገር በሩቁ አይቶታል።

ሳርኮማ 180 ግን የራሱ ችግር አለበት። ዕጢው የሚተከለው ዝርያቸው ከዕጢው ምንጭ ጋር ባልተዛመደ አይጦች ላይ ነው። የአይጡ መከላከያ ዕጢውን ከመጀመሪያውም እንደ ባዕድ አካል ያየዋል፤ አንዳንዴ ምንም ሳይደረግለት በራሱ ያስወግደዋል። በዚህ ሁኔታ መከላከያውን በጥቂቱ የሚያነቃቃ ማንኛውም ነገር አስደናቂ ውጤት ያሳያል። የሰው ካንሰር ከሰውየው ከራሱ ሕዋስ የበቀለ፣ መከላከያውን ለዓመታት ሲያታልል የኖረ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተጻፉትን ጽሑፎች የሚያነብ ሰው ይህን ካላስታወሰ፣ እያንዳንዱ እንጉዳይ ካንሰርን የሚፈውስ ይመስለዋል። ዛሬም ድረስ በየመጽሔቱ የሚወጡ አዳዲስ ጥናቶች ይህንኑ ዕጢ ይጠቀማሉ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ "ይሠራል"።

ተቀባዩና የተቀባዩ ምርጫ

ግሉካን ነጭ የደም ሕዋስን እንዴት ያነጋግራል? ለረጅም ጊዜ ሲአር3 የተባለ የሕዋስ ተቀባይ ብቻ ይጠረጠር ነበር። በ2001 ጎርደን ብራውንና ሲያሞን ጎርደን ኦክስፎርድ ላይ ሌላ ተቀባይ ለዩ፤ ዴክቲን-1 ይባላል። ማክሮፋጅ በተባሉትና በመሰል ነጭ የደም ሕዋሳት ፊት ላይ ተቀምጦ ቤታ 1-3 አያያዝን ይለያል። ለዚህ የተሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ሰውን የሚያጠቁ ፈንገሶች፣ ካንዲዳም ሆነ አስፐርጂለስ፣ ግድግዳቸው ከዚህ ስኳር የተሠራ ነው። የእንጉዳይ ፖሊሳካራይድ "መከላከያን ያጎለብታል" ሲባል፣ በሰውነት ዓይን ሲታይ እየሆነ ያለው የፈንገስ ወረራ ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው።

በ2012 ኔዘርላንድ ናይሜኸን ከተማ ያሉት የሚሃይ ኔቲያ ቡድን ሌላ ነገር ጨመረ። ከቤታ ግሉካን ጋር አንዴ የተገናኙ ሞኖሳይት የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ በኋላ ሌላ ተህዋሲ ሲመጣ የሚሰጡት ምላሽ የበረታ ነበር። ትዝታ የቲና የቢ ሕዋሳት ብቻ ነው የሚለውን የቆየ ትምህርት የነቀነቀ ሥራ ነው። በዘርፉ ውስጥ ካነበብኳቸው ሁሉ ወደፊት ሊያራምድ የሚችለው ይህ መንገድ ይመስለኛል፤ ዋናው ሥራ የተሠራው በፈንገሱ በካንዲዳና ከግድግዳው በወጣው ግሉካን መሆኑን ግን ልብ ይሏል።

አንድ ሌላ ግኝት ለሻጮች አይመችም። በ2011 ሎስ አንጀለስ ያሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በውሃ የሟሟ ግሉካን ዴክቲን-1ን ይይዘዋል እንጂ ምልክቱን አያስነሳም፤ ምልክቱ የሚነሳው ግሉካኑ በቅንጣት መልክ ሲመጣና ሕዋሱ ሊውጠው ሲያቅፈው ነው። በአንድ በኩል "ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ" እየተባለ የሚወደስ ዱቄት አለ፣ በሌላ በኩል ተቀባዩ የማይሟሟውን ይመርጣል። የሟሟው ሌንቲናን በሌላ ተቀባይ በኩል ይሠራል የሚል መልስ አለ፤ ሊሆን ይችላል።

ብዙዎቹን የላቦራቶሪ ጽሑፎች የሚያጠራጥረኝ ግን ብክለት ነው። ኢንዶቶክሲን የተባለው የባክቴሪያ ግድግዳ ቁርጥራጭ በየቦታው አለ፤ በአፈር፣ በውሃ፣ በእንጉዳዩ ማደጊያ ጭድ ላይ። ማክሮፋጅን ለመቀስቀስ በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ናኖ ግራም ይበቃዋል፣ ከዚያም ያነሰ። በተለመደው ሙከራ የሚጨመረው ፖሊሳካራይድ ደግሞ 100 ማይክሮ ግራም ያህል ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከዱቄቱ ውስጥ 0.001 በመቶው ኢንዶቶክሲን ከሆነ፣ የተገኘው "የእንጉዳይ ሥራ" ሙሉ በሙሉ የባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ይባስ ብሎ፣ ኢንዶቶክሲንን ለመፈተሽ የሚያገለግለው ከሊሙለስ ሸርጣን ደም የሚሠራው መመርመሪያ ራሱ ለቤታ ግሉካን ምላሽ ይሰጣል፤ ያንን መንገድ ካልዘጉበት ያሳስታል። ይህን ሁሉ ተጠንቅቆ የሠራ ጽሑፍ ጥቂት ነው። ስለ ክሬስቲንም በ2015 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ ቲኤልአር2 የተባለውን ተቀባይ የሚቀሰቅሰው የዱቄቱ ክፍል ስኳሩ ሳይሆን አብሮት ያለ ቅባት መሆኑን፣ ቅባቱና ግሉካኑ ተጋግዘው እንደሚሠሩ አሳይቷል። ወደ 40 ዓመት ገደማ በሐኪም ሲታዘዝ የኖረ ነገር ውስጥ ምን ምን እንዳለ ያኔ ገና ይለይ ነበር ማለት ነው።

መርፌና አፍ

ሌንቲናንና ሺዞፊላን በጃፓን የተፈቀዱት በመርፌ ነው፤ የመጀመሪያው በ1985 ለጨጓራ ካንሰር ከኬሞቴራፒ ጋር፣ ሁለተኛው በ1986 ለማህፀን በር ካንሰር ከጨረር ሕክምና ጋር። ክሬስቲን በአፍ ነበር። ዛሬ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው ሁሉ በአፍ ነው፤ ማስረጃ ሆኖ የሚጠቀሰው ግን ብዙውን ጊዜ በአይጥ ሆድ ዕቃ ውስጥ ተወግቶ የተገኘው ነው።

በአፍ የተዋጠ ግሉካን ተፈጭቶ ስኳር አይሆንም። የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ያቦኩታል፣ አጫጭር ቅባት አሲዶችም ይወጡለታል፤ ይህ እንደማንኛውም ጥሩ ቃጫ የሚጠቅም ነገር ነው። በ2004 ኬንታኪ ውስጥ የተሠራ የአይጥ ጥናት በአንጀት ያሉ ማክሮፋጆች የእርሾና የገብስ ግሉካንን ውጠው ወደ ጣፊያ፣ ወደ ሊምፍ ዕጢና ወደ አጥንት መቅኒ እንደሚያደርሱት በሚያበራ ቀለም አሳይቷል። በሰው ላይ ምን ያህሉ ይደርሳል ለሚለው ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ሥዕል የለም።

በታማሚ ላይ የታየው

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ መሄድ ይገባል። ክሬስቲንን በሚመለከት ከሁሉም የተጠቀሰው በ1994 "ላንሴት" ላይ የወጣው የናካዛቶና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። በማዕከላዊ ጃፓን 46 ሆስፒታሎች ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው 262 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ሁሉም ኬሞቴራፒ ወሰዱ፤ ግማሾቹ ክሬስቲን ተጨመረላቸው። ከ5 ዓመት በኋላ ክሬስቲን ከወሰዱት 73 በመቶው፣ ካልወሰዱት 60 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ለዱቄት ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ያልወሰዱት ሰዎች ማስመሰያ ዱቄት አልተሰጣቸውም፤ ሐኪሙም ታማሚውም ማን ምን እንደሚወስድ ያውቁ ነበር። በሞት መቁጠር ላይ ይህ ብዙ ላያዛባ ይችላል፤ በቀሪው ክትትል ላይ ግን ያዛባል።

በ2007 የወጣ የድምር ትንተና 8 ጥናቶችንና 8,009 ታማሚዎችን አንድ ላይ አይቶ የሞት አደጋው በ12 በመቶ ቀንሷል አለ። የስህተት ወሰኑ ከ2 እስከ 21 በመቶ ነው፤ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። የእኔ ንባብ እንዲህ ነው፦ ክሬስቲን በዚያ ዘመን ኬሞቴራፒ ላይ ተጨምሮ ትንሽ የጠቀመ ይመስላል። ያ ኬሞቴራፒ ግን ዛሬ የለም። በዚያው በ2007 ኤስ-1 የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የታማሚዎችን ዕድሜ እንደሚያራዝም በትልቅ ጥናት ታየና የጃፓን ሕክምና ወደ እሱ ዞረ። አሮጌው ንጽጽር መሠረቱ ከሥሩ ተነሣ።

ከአዲሱ መድኃኒት ጋር በወጉ የተፈተነው ሌንቲናን ነው። ጨጓራቸው ላይ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የማይችል ወይም የተመለሰ ካንሰር ያለባቸው 309 ሰዎች፣ ግማሾቹ ኤስ-1 ብቻ፣ ግማሾቹ ኤስ-1 ከሌንቲናን ጋር ተሰጣቸው። ውጤቱ በ2016 ወጣ። ኤስ-1 ብቻ የወሰዱት መካከለኛ ዕድሜ 13.8 ወር፣ ሌንቲናን የተጨመረላቸው 9.9 ወር ሆነ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን የሚጸና ባይሆንም፣ የተጠበቀው የተገላቢጦሽ ነበር። ከ1969 ጀምሮ ለተጻፈው ሁሉ ይህ አንድ ጥናት ከባድ መልስ ነው፤ በእንጉዳይ መድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ግን ሲጠቀስ አላይም።

የቀሩት ቶሎ ይታለፋሉ። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች በ2016 ጋኖደርማ የተባለውን እንጉዳይ በካንሰር ሲመረምሩ ያገኙት 5 ጥናት፣ 373 ሰው ብቻ ነበር፤ ቀዳሚ ሕክምና እንዲሆን የሚያበቃ ማስረጃ አላገኙም። በ2015 ለስኳር ሕመምተኞች የልብ አደጋ ጋኖደርማን ሲያዩ 5 ጥናት፣ 398 ሰው ነበር፤ ጥቅም አልታየም። በ2022 ትራሜተስ ቨርሲከለር የትልቁ አንጀት ካንሰር ታማሚዎችን ከኬሞቴራፒ ጉዳት ይጠብቅ እንደሆነ ሲያዩ 7 ጥናት፣ 1,569 ሰው አገኙ፤ የማስረጃው ጥንካሬ በጣም ዝቅተኛ ነው ብለው ፈረዱ።

በኒው ዮርክ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ በ2009 የወጣው ማይታኬ የተባለው እንጉዳይ ጥናት ትንሽ ነው፣ 34 ሴቶች ብቻ፣ ሁሉም ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ። ትንሽነቱን የሚያስረሳ ነገር ግን አለው። መጠኑ ሲጨመር አንዳንዱ የመከላከያ መለኪያ ወጣ፣ አንዳንዱ ወረደ፤ በአንዱ መጠን ሲወጣ በሌላው የወረደም ነበር። ማስታወቂያ ላይ የምናየው "አቅምን ያጎለብታል" የሚለው ቃል የሚያስበው አንድ ቁልፍ እንዳለ ነው። የመከላከያ ሥርዓት ግን ብዙ ክንፍ ያለው ነው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይጫናል፤ ለታማሚው የቱ እንደሚሻል ሁልጊዜ አይታወቅም።

የተሻለ ተስፋ ከልጆች ሐኪሞች መጥቷል። በስሎቫክ ሐኪሞች የተመራ፣ በ2013 የወጣ ጥናት ጉንፋንና የመተንፈሻ ኢንፌክሽን የሚደጋገምባቸውን 175 ልጆች በሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ቡድን ከኦይስተር እንጉዳይ የወጣ ፕሉራን ያለበት ሽሮፕ ሰጠ። ለሁለተኛው ቡድን የተሰጠው ሽሮፕ ቪታሚን ሲ ብቻ ነበረው። ማን የቱን እንደሚወስድ ማንም አያውቅም ነበር። ፕሉራን ከወሰዱት 36 በመቶው፣ ካልወሰዱት 21 በመቶው በሕክምናው ጊዜ ሁሉ ሳይታመሙ ቆዩ። ነገሩ ካንሰርን የሚፈውስ ተአምር አይደለም፤ ከሞለኪዩሉ ባሕርይ ጋር የሚስማማ፣ ሊደገምና ሊፈተን የሚችል ልከኛ ግኝት ነው።

የጸረ-ኦክሲዳንት ሥራ፣ የጉበት ጥበቃ፣ ጸረ-ቫይረስ፣ የደም ስኳር መቀነስ እየተባለ የሚደረደረው ዝርዝር ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። አብዛኛው ከመስታወት ዕቃና ከአይጥ አልወጣም። የጸረ-ኦክሲዳንቱ ሙከራ በተለይ የሚለካው ብዙውን ጊዜ ከፖሊሳካራይዱ ጋር አብሮ የቀረውን ፕሮቲንና ፊኖል ነው።

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው

በ2017 የታተመ አንድ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ጋኖደርማ ተብለው የሚሸጡ 19 ምርቶችን ሰበሰበ። በእርግጥ በተባለው እንጉዳይ የተሠሩት 5 ብቻ ነበሩ። ሌላው የተለመደ ችግር ስታርች ነው። እንጉዳዩ ፍሬ እስኪያወጣ መጠበቅ ውድ ስለሆነ፣ ብዙ አምራቾች ክሩን በሩዝ ወይም በአጃ ላይ አሳድገው እህሉንም አብረው ይፈጩታል። ማሸጊያው ላይ "ፖሊሳካራይድ 40 በመቶ" ይላል። ስታርችም ፖሊሳካራይድ ነው፤ ውሸት አልተጻፈም። ጥቂት አዮዲን ጠብ ሲያደርጉበት ጥቁር ሰማያዊ የሚሆን የእንጉዳይ ዱቄት፣ ገዢው የሩዝ ዱቄት በመድኃኒት ዋጋ እየገዛ መሆኑን ይናገራል። መጠየቅ ያለበት የቤታ ግሉካኑ መጠን ተለይቶ መጻፉ ነው።

ጋኖደርማ በቡና ተቀላቅሎ በኔትወርክ ማርኬቲንግ መሸጡ በቡና አገር ለሚኖር ሰው የተለየ ነገር ነው። ሻጩ ብዙውን ጊዜ ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው፤ የሚሸጠውም በፍቅር ነው፣ በሐሰት ሳይሆን። ዋጋው ግን ከተራው ቡና ብዙ ጊዜ እጥፍ ነው፣ በአንድ ሲኒ ውስጥ ያለው እንጉዳይም ለጥናት ከተሰጠው መጠን ጋር አይወዳደርም። ክሬስቲን የሚወሰደው በቀን 3 ግራም የተጣራ ዱቄት ነበር።

ጉዳቱም ቢሆን ዝም የሚባል አይደለም። በወጉ ያልበሰለ ሺታኬ የበሉ ሰዎች ጀርባቸው ላይ በአለንጋ የተገረፉ የሚመስል ሽፍታ ይወጣባቸዋል፤ ጃፓናዊው ሐኪም ናካሙራ በ1977 የገለጸው ይህ ሕመም መንስኤው ራሱ ሌንቲናን እንደሆነ ይታመናል፣ በደንብ መቀቀል ያስቀረዋል። በታይላንድ የጋኖደርማ ዱቄት ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በ2007 ተመዝግበዋል፤ አንዱ ሞቷል። ጃፓን ውስጥ ለወራት ቻጋ የተባለ እንጉዳይ ዱቄት የወሰዱ አንዲት የካንሰር ታማሚ ኩላሊታቸው በኦክሳሌት ከሥራ ወጥቷል። በ2006 ደግሞ የጃፓን ጤና ሚኒስቴር አጋሪከስ ከተባለው እንጉዳይ ከተሠሩ ሦስት ምርቶች አንዱ በአይጦች ላይ የካንሰር እድገትን እንደሚያበረታታ አይቶ ሽያጩን እንዲቆም ጠየቀ። ሦስቱም ምርቶች ከአንድ እንጉዳይ ነበሩ፤ ሁለቱ ደህና ሆኑ። ከአንድ ስም በታች ስንት የተለያየ ነገር እንደሚሸጥ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኦይስተር እንጉዳይ በጭድ፣ በቡና ገለባና በጥጥ ፍሬ ቅርፊት ላይ እየለማ፣ በጾም ወቅት ጥብስ ሆኖ በከተማ ሆቴሎች ይቀርባል። በደቡብ ምዕራቡ ጫካ የሚኖሩት ማጃንጎች የዱር እንጉዳይ ለይቶ የመብላት የቆየ ዕውቀት እንዳላቸው ተጽፏል። ጋኖደርማና ሺዞፊለም በአገሪቱ ግንዶች ላይ ይበቅላሉ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን እነዚህን መመርመር የሚፈልግ ወጣት ተመራማሪ ሌሎች አገሮች ውስጥ ሺህ ጊዜ የተደገመውን የጸረ-ኦክሲዳንት ሙከራ እንዳይደግም እመኛለሁ። የግሉካኑን ቅርንጫፍ ቢለካ፣ ክብደቱን ቢጽፍ፣ ኢንዶቶክሲኑን አስወግዶ ቢፈትሽ፣ ጥናቱ ትንሽ ቢሆን እንኳ በዓለም ላይ ካሉት ብዙዎቹ ይበልጣል። የሚበላውን እንጉዳይ የሚያለማው ገበሬ ደግሞ ምርቱን ለመሸጥ "መድኃኒት" ማለት አያስፈልገውም። ፕሮቲን አለው፣ ቃጫ አለው፣ ይጣፍጣል።

የእንጉዳይ ካፕሱል የሚወስድ ታማሚ ለሐኪሙ መንገር ያለበት ግን ከሁሉ በፊት ነው። የተተከለለት ኩላሊት ወይም ጉበት ኖሮት የመከላከያ አቅሙ በመድኃኒት እንዲቀንስ ለተደረገ ሰው፣ ያንን አቅም እቀሰቅሳለሁ የሚል ነገር መውሰድ ተቃራኒ ትእዛዝ መስጠት ነው። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ምክንያት አለ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደም ውስጥ የገባ ፈንገስ ከተጠረጠረ፣ በብዙ ሆስፒታሎች የሚታዘዘው ምርመራ በደሙ ውስጥ ቤታ ግሉካን ይፈልጋል፤ ያው በሸርጣን ደም ላይ የተመሠረተው መመርመሪያ ነው። ሌንቲናን በተወጉ ታማሚዎች ላይ ምርመራው ፈንገስ ሳይኖር አለ ብሏል። ሐኪሙ የተሰጠውን ነገር ካላወቀ፣ ከባድ የጸረ-ፈንገስ መድኃኒት በከንቱ ሊጀምር ይችላል።